ለኮልፌ እንግዳ የሚሆን ክፍል

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በጅማ መንገድ ለንግድ የመጣ ሰው ማታ አየር ጤና ሲደርስ የት ይደር? ኮልፌ እንግዳ መቀበል ብርቋ አይደለም፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ነው። መርካቶ ቅርብ ነው፤ ቀላል ባቡሩም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ጦር ኃይሎች ድረስ ይመጣል። ደህና ሆቴል ሲባል ግን ሁላችንም የምንጠራው ካዛንቺስና ቦሌን ነው።

እኔ ባለ ኮከብ ሆቴልን የምለካው በሎቢው እብነ በረድ አይደለም። ወደ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የማየው ጠረጴዛውን ነው፤ ላፕቶፕ፣ የሒሳብ መዝገብና አንድ ሲኒ ቡና ሳይገፋፉ ይይዛል? ሶኬቱስ አጠገቡ ነው ወይስ ከአልጋው ጀርባ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ቶሎ ይነሣል? ሻወሩስ ሌሊት ሙቅ ውኃ ይሰጣል? መስኮቱ የጭነት መኪናውን ጩኸት ካላስቀረ ጂሙና ሳውናው ለነገ ድርድር እንቅልፍ አይተኩም። ሂልተን በፍል ውኃ በሚሞላው መዋኛው ይታወቃል፤ ያ የቦታው ጸጋ ነው። የኮልፌ ጸጋ ለነጋዴው ቅርብ መሆኗ ነው።

በዚህ በኩል ሆቴል የምትገነቡ ወገኖች፣ እባካችሁ፣ ከመዋኛው በፊት የውኃ ታንከሩንና ድርብ መስታወቱን አስቡ።