በአጥሩ ሥር ያለችው ቀዳዳ

በሰሜን ለንደን የሚኖሩ አንድ የአገራችን ሰው ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ አመሻሽ ላይ ቆሻሻ ሊጥሉ ወደ ጓሯቸው ብቅ ሲሉ ጎመናቸው ሥር አንድ እሾሃም ነገር ሲንኮሻኮሽ አገኙ። ያደጉት ገጠር ነውና «ጃርት!» ብለው ደነገጡ። ጃርት የገበሬ ድንችና በቆሎ ስታወድም እንጂ ስትጠቅም አይተው አያውቁም። በማግስቱ ከጎረቤት በሚያዋስናቸው አጥር ሥር ያለችውን ቀዳዳ በጡብ ደፈኗት።

ጥፋቱ የስሙ ነው። ሁለቱንም ጃርት እንበላቸው እንጂ ዝምድናቸው ከእሾሁ አያልፍም። የእንግሊዟ ከሁለት ጭብጥ ብዙ የማትበልጥ፣ ስትፈራ እንደ ኳስ የምትጠቀለል፣ ጎመኑን ትታ ትሉንና ጥንዚዛውን የምትለቅም ናት። ይህን የነገሯቸው አሮጊት ጎረቤታቸው ናቸው። እንስሳዋ እየጠፋች መሆኗንም ጨመሩላቸው።

ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ ለመጥፋት ከተጋለጡ አጥቢ እንስሳት ተርታ ተመዝግባለች። በ2022 የወጣው ሪፖርት ደግሞ ከ2000 ወዲህ በገጠሩ ቁጥሯ እንደየአካባቢው ከ30 እስከ 75 በመቶ መቀነሱን ይገልጻል። በእርሻው ዳር የነበረው የቁጥቋጦ አጥር ተመነጠረ፤ የተባይ መድኃኒቱ ምግቧን ጨረሰባት። በከተማ ግን ፈተናዋ የግንብና የጣውላ አጥር ነው። በአንድ ሌሊት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትጓዝ አንድ ጓሮ ብቻውን አያኖራትም። አጥሩ ሲዘጋባት የሚቀራት መንገድ መኪና የሚበርበት አስፋልት ነው።

ሰውየው ይህን እንደሰሙ ጡቡን አነሱ። ቀዳዳዋንም 13 በ13 ሳንቲ ሜትር አደረጓት፤ ይህ ለጃርት ይበቃል፣ ለአብዛኛው ውሻ ይጠባል። ከዚያም እንግዳ በባዶ አይሸኝም ብለው ወተት በሳህን አኖሩ። ጎረቤታቸው ከአጥር ማዶ ተጣሩ፤ ለካስ ወተት ሆዷን ያበላሻል! (እንግሊዞቹም ራሳቸው ስንት ዘመን ዳቦ በወተት ሲያቀርቡላት ኖረዋል።) የሚስማማት ንጹሕ ውኃና ሥጋ ያለበት የድመት ምግብ ነው።

ጃርቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣችም። ሰውየው ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ዓይናቸው የአስፋልቱን ዳር ዳር ይፈልግ ነበር። በሐምሌ አንድ ማለዳ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የጃርት ሥራ ይሁን የድመት ግን አልታወቀም።

ጓሮ ያላችሁ ወገኖች፣ ጃርት ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ቅጠል ክምር ውስጥ ትተኛለችና ሳትፈትሹ እሳት አትለኩሱ። እኚህ ሰው የበልጉን ቅጠል ጨርሶ አልጠረጉትም። ጎመኑ አጠገብ ከምረው ትተውታል፤ ማታ ማታም በመስኮት ያዩታል።