«ብርድ መትቶት ነው»

ባለፈው እሑድ አብሮ አደጌ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። እናቱ ቀድተው ሰጡት። ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞትም እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ቡናው ሱሪው ላይ ተደፋ። እናቱ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉለትና ወደ እኔ ዞረው፣ «ብርድ መትቶት ነው ልጄ» አሉኝ።

ብርድ እንዳልሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እጁ የሚንቀጠቀጠው ማታ የጠጣው አረቄ ከሰውነቱ ሲወጣ ነው።

የጀመርነው አብረን ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን፣ ለፈተና እናጠናለን ብለን መቃም ያዝን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃል፤ እንቅልፍና ረሃብ ያስረሳል። ጣጣው የሚመጣው ሲመሽ ነው። ምርቃናው አልወርድ፣ እንቅልፍም እምቢ ሲል ጨብሲ ይከተላል። ያ መጠጥ ምርቃናውን ይሰብራል፤ ጠዋት ደግሞ ድካሙን ለማባረር ሌላ ጫት ያስፈልጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ሱስ ተጋግዞ አንድ ሰው ይይዛል። እኔ ሥራ ሌላ ከተማ አግኝቼ ከበርጫው ስለራቅኩ ተረፍኩ እንጂ ከእሱ ጠንክሬ አይደለም።

የአንድ ቤት ጉድ ቢሆን ኖሮ አደባባይ አላወጣውም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከየመንገዱ አውርዷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥንም ከልክሏል። እኛ ሰፈር ግን ግሮሰሪ ውስጥ ልጅ ዕድሜው ሲጠየቅ አንድም ቀን አላየሁም። ጫቱ ደግሞ ከትምህርት ቤት አጥር ማዶ ይሸጣል።

ቤተሰብ ሲጨንቀው ልጁን ክፍል ውስጥ ቆልፎ «ይኸው በቃ፣ ዛሬ ትተዋለህ» ይላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም የሌለ ነገር ሊታየው፣ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። ማቆም ያለበት ሐኪም እያየው፣ መድኃኒት እየተሰጠው ነው። ጫት የሚያቆመውንም ሌሊት ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ያልፋል፤ እስኪያልፍ ግን አጠገቡ ሰው ይፈልጋል።

አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል «እብድ ተባለ» የሚል ወሬ ፈርተን የምንቀር ብዙ ነን። እዚያ የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እሑድ ስወጣ በር ላይ የእናቱን እጅ ይዤ፣ «እማማ፣ ብርድ አይደለም» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «አውቃለሁ ልጄ። ማን ይዞልኝ ይሂድ ብዬ ነው» አሉ።

ማክሰኞ ሦስታችን ሐኪም ዘንድ ሄድን።

እናንተም ቤት «ብርድ» እየተባለ የሚሸፈን ሰው ካለ፣ ምክሩን ትታችሁ እጁን ይዛችሁ ሂዱ።