የግራው ፔዳል

ያገለገለ የሳይክል ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ይህን ያወቅሁት በ1996 ዓ.ም. ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሳሪስ፣ ከዋናው የደብረ ዘይት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ የሳይክል መጠገኛ ሥራ ጀመርኩ፤ በሚቀጥለውም ክረምት እዚያው ተመለስኩ። የመጠገኛው ባለቤት ስም ነበራቸው፤ ግን በስማቸው የጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም «ጋሼ» ነበሩ። ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ሣጥን ሙሉ ቺያቤና ፒንሳ፣ ጎማ የሚነከርበት አንድ ሳፋ ውኃ፣ ማስቲሽ፤ ንብረታቸው ይኸው ነው። ከበራፋቸው ፊት ለፊት ሦስት አራት ልጆች ሸራ ዘርግተው ፔዳል፣ ኮርቻ፣ ሰንሰለት፣ ቸርኬ፣ የፍሬን ጎማ ይሸጣሉ። ጋሼ ራሳቸው ብዙም አይሸጡም። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ እሳቸው ደጃፍ ላይ ያልቃል፤ መለኪያውም መፍቻውም እሳቸው ጋ ነበርና።

ሸራው ላይ ያለው ዕቃ ከየትም ይመጣል። ከፊሉ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በኩንታል ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ከፊሉን ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ከብረት ጋር ይሰበስበዋል። ከፊሉ ደግሞ ለሕፃናት በዙር የሚከራዩ ሳይክሎች ዕድሜያቸው ሲያልቅ ተፈተው የሚወጡ ናቸው። ገዢዎቹም እንደዚያው ልዩ ልዩ ናቸው። የነፋስ ስልክና የሳሪስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ዳቦ አመላላሽ፣ ሳይክል አከራይ፣ አባቱን ለምኖ አሥር ብር ያገኘ ልጅ። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ፍሬን ይበላል፤ ሲመለሱ ደግሞ ዳገቱ ሰንሰለትና ፔዳል ይበላል። አዲስ ዕቃ መግዛት የሚችል ወደ እኛ አይመጣም ነበር። ስለዚህ አንድ ዕቃ ተበላሽቶ ሲገኝ የሚነሣው ጠብ የዕለት ጉርስ ጠብ ነው፤ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም።

ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሁሉም ማጭበርበር ይመስላል። ገዢ «ሸወድከኝ» ይላል፤ ሻጭ «ዓይንህ እያየ ገዝተህ» ይላል። ሁለት ክረምት ቆሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከጠቦቹ የሚበዙት ሁለት እውነተኛ ሰዎች የተጣሉባቸው ነበሩ። የጎማውን ነገር ብቻ ብወስድ፦ አንድ ወጣት ከጎፋ መጥቶ ለቻይና ተራራ ሳይክሉ «26 ቁጥር» ጎማ ጠየቀ። ሻጩ 26 የሚል ጎማ አንሥቶ ሰጠው፤ ጎማው ላይም 26 ተጽፎበታል። ልጁ ቤቱ ሄዶ ቢታገል ጎማው ቸርኬው ላይ እየዋለለ አልያዝ አለው። ተመልሶ ሲመጣ ጉሮሮ ለጉሮሮ ሊተናነቁ ደረሱ። ጋሼ ጎማውን በጨርቅ ወልውለው ከትልቁ ቁጥር ጎን የተጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ አሳዩአቸው። 37-590 ይላል። የልጁ ቸርኬ የሚፈልገው ግን በ559 የሚያልቅ ነው። የመጀመሪያው እንደ አሮጌው የሴቶች ፎኒክስ ላሉ ሳይክሎች ነው፤ ሁለተኛው ለተራራ ሳይክል። ሁለቱም 26 ይባላሉ፤ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር ግን ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ይለያያል። ሻጩ አልዋሸም፤ ገዢውም አላበላሸም። ጎማው ተመለሰ፣ ገንዘቡም ተመለሰ፣ ነገሩ አለቀ።

የፔዳሉ ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም።

አንድ በፋብሪካ ዘበኝነት የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ሃና ማርያም አካባቢ ነው፤ ማታ በሳይክል ይመጣሉ፣ ጠዋት በሳይክል ይመለሳሉ። ከሸራው ላይ ጥንድ ፔዳል ገዝተው ሄዱ። በማግስቱ ማለዳ ሳይክላቸውን እየገፉ፣ በዝናብ በስብሰው መጡ። የግራው ክንድ ጥርሱ ተበልቶ ፔዳሉ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ የሸጥክልኝ ዕቃ ሳይክሌን በላብኝ» አሉት።

«አባባ፣ ሲወስዱት ደህና ነበር። ቤትዎ የተበላሸውን እኔ ላይ አያምጡብኝ።»

«እኔ በስተርጅና ውሸታም ልባል ነው?»

ሰው ተሰበሰበ። ልጁ ጥፋተኛ ነው የሚለው ድምፅ በዛ፤ ሽበትና እርጥብ ካፖርት ዳኛን ያሳስታል። ጋሼ ወጥተው ሁለቱን ፔዳሎች ተቀበሉ፣ ጫፋቸውን በቤንዚን አጠቡ፣ አቁመውም ለሰዉ ሁሉ አሳዩ። የቀኝ ፔዳል ጥርስ ሲቆም ወደ ቀኝ እያዘመመ ይወጣል፤ የግራው ወደ ግራ። ሲነዱ ፔዳሉ በራሱ ጊዜ ተፈትቶ እንዳይወድቅ የግራው ተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው፤ ሲያስሩትም እንደ ሌላው ቡሎን ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ነው የሚዞረው። አዲስ ዕቃ ላይ የ«ኤል»ና የ«አር» ፊደል ይመታበታል፤ እነዚህ ላይ ግን ዝገቱ በልቶታል። የሽማግሌው ሁለቱም ፔዳሎች የቀኝ ነበሩ። ልጁ መልካቸው ስለተመሳሰለ አጣምሮ ሸጣቸው። እሳቸው ደግሞ እንቢ ሲላቸው በቺያቤ ጉልበት ጨመሩበት።

ታዲያ ማን ይክፈል? ልጁ አላወቀም። ሽማግሌውም አላወቁም። ዕቃውን ለሽያጭ ያቀረበ ግን ዕቃውን የማወቅ ግዴታ አለበት፤ ጋሼ የፈረዱት በዚህ ነው። እኔም ዛሬ ድረስ ትክክል ነው እላለሁ። ልጁ የፔዳሉን ገንዘብ መለሰ። ጋሼ ከጓሮ፣ በሽብልቅ የሚያያዝ አሮጌ የግራ ክንድ ፈልገው አወጡ። ዋጋውን ልጁና ሽማግሌው እኩል ተካፈሉ፤ «ልጄ ሆይ፣ ብረት እንቢ ሲል ያስገደድኩት እኔም ነኝ» ብለው ግማሹን በፈቃዳቸው ያወጡት ሽማግሌው ናቸው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔዳል ሲሸጥ ጥርሱን ለገዢ አቁሞ ያሳይ ነበር። ሌሎቹም ከእሱ ተማሩ፤ የፔዳል ጠብም ከሰፈሩ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ሰንሰለትም እንዲሁ መለኪያ ነበረው። ጋሼ በር ላይ አንድ የብረት ማስመሪያ ሰቅለው ነበር። አዲስ ሰንሰለት አሥራ ሁለት ሙሉ ቅጥልጥል ሲለካ ልክ አሥራ ሁለት ኢንች ነው፤ ከዚያ በኢንች አንድ ስምንተኛ ካለፈ አብቅቶለታል፣ ጥርሱንም ይዞ ይጠፋል። «ተወጥሯል፣ አልተወጠረም» የሚል ክርክር ማስመሪያው ከተሰቀለ በኋላ ትርጉም አጣ። ለጋሼ ሳይክል ክብር ነበር። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ገረመው ደንቦባና ሌሎች ብስክሌተኞች ከሯጮቹ ጋር እንደነበሩ ለመጣ ሁሉ ይነግሩ ነበር። በተበላ ሰንሰለት ሰው መንገድ ላይ መጣል ለእሳቸው ነውር ነው።

እስካሁን የነገርኩት የልክና የጥርስ ክርክር ነው። ከዚህ የከፋው የባለቤትነቱ ነበር።

በ1997 ክረምት ነው። ልጃቸው ለዳቦ ቤት ዳቦ የሚያመላልስ አንዲት እናት ሰፈራችን ነበሩ። የልጁ ሳይክል የኋላ ጎማ ሌሊት ከግቢያቸው ተፈትቶ ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ የላፍቶ ወጣት ሸራው ላይ የኋላ ጎማ ገዝቶ፣ ሳይክሉ ላይ አስሮ፣ ንፉልኝ ብሎ ወደ እኛ አመጣው። እናትዮዋ በዚያው ሲያልፉ ጎማውን አዩ። «የልጄ ነው!» ብለው ሳይክሉን ከመሪው ያዙ።

ጎማ ከጎማ ይመሳሰላል፤ ይህ ግን ምልክት ነበረው። ከሁለት ወር በፊት ሁለት ሽቦዎቹ ተበጥሰው ለእሱ የሚሆን ሽቦ ስላጣን፣ ወፈር ያለ የሞተር ሳይክል ሽቦ ቆርጠን ጫፉን በፒንሳ አጥፈን ሞዞው ላይ ያስገባነው ጋሼና እኔ ነን። እጄን ብዘረጋ ያጠፍኩትን ጫፍ እነካው ነበር። ጋሼ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። «የእርስዎ ነው እትዬ፣ እኛው ነን የሠራነው» አሏቸው።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህች ቃል ከአፍ ከወጣች ምን እንደምታመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ገዢውን ይሁን ሻጩን ሳይለይ ድንጋይ ማንሣት ጀመረ። ጋሼ ሁለቱንም ልጆች በአንገታቸው ይዘው ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገፉ፣ በሩ ላይ ራሳቸው ቆሙ። «እኔን አልፋችሁ ነው» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ሰዉ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ያ ቀን በሰላም ያለፈው በእሳቸው ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል።

ከዚያ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ሻጩ ከቆራሌው መግዛቱን ማለ፤ ቆራሌውን ግን መልኩን እንጂ ስሙን አያውቅም። ገዢው «ከፍያለሁ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ። እናት «የልጄ እንጀራ ነው» አሉ። ሁሉም እውነት ተናግረዋል፤ ጎማው ግን አንድ ነው። በቦታው የነበሩ አንድ የቀበሌ ሽማግሌ መንገዱን አመለከቱ፤ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከተማው ቻርተር የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ብር ያለውን ክርክር ማየት ይችል ነበር። ማንም መሄድ አልፈለገም፤ ቀጠሮ ማለት የሥራ ቀን ማጣት ነው። ጋሼ ፈረዱ። ጎማው ለእናት ተመለሰ፤ ሻጩ ደግሞ ለገዢው ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ከፍሎ እንዲጨርስ ተስማማ።

ኋላ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን ሳነብ መሠረቱ ያው እንደሆነ አየሁ። በቅን ልቦና ቢገዛም የተሰረቀ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ዋስ ነው፤ ለተሸሸገ ጉድለትም እንዲሁ። የሸራው ልጅ ግን ከሦስቱ ድሃው ነበር። ኪሳራው ሁሉ እሱ ላይ ማረፉ አንጀቴን በልቶታል፣ አሁንም ይበላኛል። ቢሆንም «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ መጠየቅ ይችል የነበረ እሱ ብቻ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ሲጨርስ አንድ ደብተር ገዛ። የሚገዛውን ዕቃ፣ የሻጩን ስም፣ የሚሠራበትን ሰፈር ያስጽፍ ጀመር። ጽሕፈቱ ስለሚያስቸግረው የምጽፍለት እኔ ነበርኩ፤ ሻጮቹ ጣታቸውን በኪስ በምትያዝ የቀለም ሳጥን ውስጥ ነክረው ይፈርማሉ። አንዳንዱ ደብተሩን ሲያይ ዕቃውን ይዞ ተመልሶ ይሄዳል። ልጁም «ይሂድ» ይላል።

ዛሬ መጠገኛው የለም። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ከጀመረ ወዲህ መንገዱም ሌላ ነው። በኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ሲጀመር አስፋልት ላይ ሕፃናት በሳይክል ሲሞሉ አይቻለሁ፤ ከለቡ ወደ ጀሞ የሳይክል መንገድ ተለየ፤ ከ2016 ወዲህም ኮሪደር ልማቱ በየአቅጣጫው ሳይክል መንገድ እየዘረጋ ነው። ደስ ይላል። ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚፈልገው ሰው በዚያው ልክ በዛ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ እንዲል መብት ይሰጠዋል። ያ መብት ደረሰኝና አድራሻ ላለው ሱቅ ነው የሚሠራው። ሸራ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ቋሚ ቦታ፣ መለኪያና መዝገብ እስኪያገኝ ድረስ አዋጁ እሱ ዘንድም ከእሱ የሚገዛው ዘንድም አይደርስም። መንገዱን የዘረጋ ከተማ ለዚህም አንድ ጥግ ይነሳዋል ብዬ አላምንም።

በቅርቡ ጀሞ 1 አጠገብ ሁለት ወጣቶች በስልክ ፎቶ ተላልከው የተገናኙበትን ግብይት ቆሜ አየሁ። የሚሸጠው ያገለገለ የኋላ ማርሽ ቀያሪ ነው። ገዢው ሳይክሉን ገልብጦ ዕቃውን አሰረ፣ ማርሹን ከዳር እስከ ዳር ቀያየረ። «ሞላው ላልቷል፣ ሰንሰለቱ ይንሸራተታል» አለ። ሻጩ ራሱ ፔዳሉን አዞረው፣ አየው። «እውነትህን ነው ወንድሜ» ብሎ ዋጋውን ቀነሰ። ገዢው «ሦስት ቀን ልንዳበት፣ ካልሆነ ትመልስልኛለህ?» አለው። «እመልሳለሁ፤ ስትልክ ጻፍበት» አለ ሻጩ። ገዢው ገንዘቡን በቴሌብር ሲልክ ምክንያት በሚለው ቦታ «ማርሽ ቀያሪ፣ 3 ቀን ሙከራ» ብሎ ጻፈ። ስልክ ለስልክ አስተያዩ፤ ሻጩ መልእክቱ መድረሱን አይቶ ቺያቤውን ሰበሰበ።