የኾሩ ወዲህና ወዲያ

ኩርሙክ ሁለት ናት። አንዷ የሱዳን፣ አንዷ የእኛ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ፤ በመሃል በበጋ የሚደርቅ ኾር አለ። በርታዎች በሁለቱም ወገን አሉ፤ ይጋባሉ፣ አብረው ይገበያያሉ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የዚያኛው ኩርሙክ ሰው ነው። ለአገር ቤት ሰው ሁለታችንም ስደተኞች ነን። አሜሪካ ግን እሱን ሬፊዩጂ፣ እኔን አሳይለም ጠያቂ ትለናለች።

ማን የባሰ መከራ አየ ተብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ ሁለታችንንም የሚመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፦ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በማኅበራዊ ቡድን ምክንያት የሚመጣ ጥቃት። ሬፊዩጂ ውጭ እያለ ተጣርቶ ይገባል፤ አሳይለም የሚጠየቀው አሜሪካ ከደረሱ በኋላ ነው።

እሱ እ.ኤ.አ. በ2011 የብሉ ናይል ጦርነት ሲነሳ ኾሩን ተሻግሮ ሸርቆሌ ካምፕ ገባ። በግል ማን አሳደደህ ብሎ ያፋጠጠው የለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ላይ የፈረመው ስምምነት ከጦርነት የሸሸውንም ስደተኛ ይለዋል። አሜሪካ ለመግባት ግን ቃለ መጠይቁ፣ የጤና ምርመራው ዓመታት ፈጀ። ሲደርስ ወዲያው ሥራ ገባ።

እኔስ ለምን በዚያ መንገድ አልመጣሁም? ሬፊዩጂ ለመባል ከአገር መውጣት ያስፈልጋል፤ ሸርቆሌ ለእሱ ካምፕ ነው፣ ለእኔ አገሬ። በቪዛ መጥቼ ፎርሙን አስገባሁ። ከዚያ ወዲያ 180 ቀን ሳይሞላ ወርክ ፐርሚት የለም፤ እስከዚያ የሰው ቤት ሶፋ ላይ ነው። ኬሴ ዛሬም ቀጠሮ ይጠብቃል።

ደመወዝ በወጣ ቁጥር እሱ ያማርራል፤ የመጣበት የአውሮፕላን ትኬት ብድር ነውና በየወሩ ይቆረጥበታል።

«ያ ዞል፣ አንተ እኮ ዕዳ የለብህም» ይለኛል።

«የጠበቃውን ማን ይከፍልልኛል?» እለዋለሁ።

ጃንዋሪ 2025 የሬፊዩጂ ቅበላው በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲታገድ የእህቱ ፕሮሰስ የጤና ምርመራውን አልፎ ነበር። የምርመራው ወረቀት የሚያገለግለው ለወራት ብቻ ስለሆነ፣ በሩ ቢከፈትም እንደገና ደም መስጠቷ አይቀርም።