ሎሚውን አስቀምጥ!

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። የሟች አያቱን ሳጥን ሲያራግፉ ከዛገ ሚስማር ጋር የተገኘ፣ አረንጓዴ የለበሰ ክብ ነገር። «ቲቸር፣ ለቆራሌው ልስጠው ወይስ በሎሚና በአመድ ልፈትገው?» ይለኛል።

ኧረ በፈጠረህ! ሎሚው ነሐሱን ይበላዋል፣ አመዱ ጽሑፉን ይፍቀዋል።

መጀመሪያ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥቶ እንዲያስጠጋ ነገርኩት። አልሳበውም። ብረት አይደለም ማለት ነው፤ ቀዩ ዝገት ከሚስማሩ የተጋባበት ነው፣ አረንጓዴው የራሱ የነሐሱ። ከዚያ ንጹህ ውሃና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ቀስ ብሎ። ጥጉን በስንጥር። አረንጓዴውን እንዳለ ተወው አልኩት፣ ቆሻሻውን ብቻ።

ማታ ሌላ ፎቶ መጣ። በቅጠል የታቀፈ የዓለም ካርታ፤ የተባበሩት መንግሥታት አርማ። ጀርባው ላይ ጽሑፍ፣ ያውም በአማርኛ! የኮሪያ ዘመቻ ሜዳሊያ ነው። ድርጅቱ ለየአገሩ ወታደር በየቋንቋው ነበር ያሠራው።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው። በየተራ ከሄዱት ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል፤ አንድም የተማረከ የለም።

ሜዳሊያው ላይ ግን የባለቤቱ ስም የለም። ቆራሌው ቢወስደው ኖሮ የማንም ነሐስ ነበር። አሁን በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከጫማ ካርቶን በወጣች የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ታጅቦ ተቀምጧል። የቀረው ወረቀቱ ነው፦ ስም፣ ስንተኛው ቃኘው፣ መቼ ሄዱ፣ መቼ ተመለሱ። ይህን የሚያውቁት ሴት አያቱ ብቻ ናቸው፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ቅዳሜ በስልኩ ድምፃቸውን ሊቀዳ ቀጠሮ ይዟል።