ከ«መኽዘን» እስከ «ማጋዚን»

የተማሪን ደብተር መምህር ያርማል። የመምህሩን ስህተትስ ማን ያርመዋል? በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳቢያ የገጠመንን ብናወጋችሁ ወላጆችም ወጣቶችም ቁም ነገር ታገኙበታላችሁ ብለን እናምናለን።

ለተማሪዎቻችን ወደ አማርኛ የሚመለሱ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ሰጥተን ነበር። ከእነዚያ አንዱ፣ ወታደሮቹ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ «ማጋዚኑን» አቃጠሉት የሚል ነው። ክፍሉ በሙሉ «መጽሔቱን አቃጠሉት» ብሎ ሲጽፍ፣ አንድ ልጅ ብቻ «መጋዘኑን አቃጠሉት» ሲል ጻፈ። እኛም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝንበት።

ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ወታደር መጽሔት አቃጥሎ ምን ያገኛል? ደግሞ መድረሳ ስንቀራ መኽዘን ማለት የዕቃ ማከማቻ ነው ተብለናል፤ ቃሉ ተመሳሰለብኝ» አለን። እኛ ግን በጓደኞቹ ፊት «የመድረሳውን እዚያው መድረሳ ተወው፤ ይህ እንግሊዝኛ ነው» ብለን መለስነው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ በቀረው ክፍለ ጊዜም እጁን አላወጣም።

ያ ሳቅ እስከ ቤታችን ተከተለን። እኛም እኮ መድረሳ ያሳደገን ነን! ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥን። ያገኘነው እንደሚከተለው ነው።

«ማጋዚን» የእንግሊዝ ተወላጅ አይደለም። ሥሩ የዐረብኛው «ኸዘነ» ሲሆን አከማቸ፣ አስቀመጠ ማለት ነው። ከእርሱ «መኽዘን» (ማከማቻ) ተገኘ፤ ብዙ ቁጥሩም «መኻዚን» ነው። ቃሉ ወደ ጣሊያንኛ ገብቶ «ማጋዚኖ» ተባለ፤ በፈረንሳይኛም በኩል አልፎ በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ዘንድ ሲደርስ ትርጉሙ ያው ማከማቻ ነበር። እየቆየ የባሩድና የጦር መሣሪያ ማከማቻ፣ ከዚያም የጠመንጃ ጥይት መያዣ በዚሁ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1731 ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ አሳታሚ ለንደን ውስጥ «ዘ ጀንትልመንስ ማጋዚን» የተሰኘውን ወርኃዊ ኅትመት ጀመረ። ከየጋዜጣው የተለቀመ ጽሑፍ የሚከማችበት ነውና ስሙ ተስማማው። ቃሉ ለመጽሔት መጠሪያነት የዋለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ፈረንሳዮችና ሩሲያውያን ግን ይህንኑ ቃል ሱቅ ይሉበታል። የሚገርመው፣ ዐረቦች ራሳቸው መጽሔትን «መጀላ» እንጂ «መኽዘን» አይሉትም።

የእኛም «መጋዘን» የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ገንዘብ የምንቆልፍበት «ካዝና»ም ከ«ኸዘነ» የመጣ ነው፤ የጥይት መያዣንም እኮ «ካዝና» እንላለን።

ይህን ስናነብ ሱረቱ ዩሱፍ ትዝ አለን። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በምድሪቱ «ኸዛኢን» (ግምጃ ቤቶች) ላይ እንዲሾማቸው ንጉሡን የጠየቁበትን ታሪክ በልጅነታችን ቀርተነዋል። ቃሉ አፋችን ላይ ነበር። ነገር ግን ጠዋት ትምህርት ቤት የተማርነውን በአንድ ክፍል፣ ከሰዓት መድረሳ የቀራነውን በሌላ ክፍል ቆልፈን፣ በመካከላቸው በር ሳናበጅ አደግን። ልጁ በሩን ከፈተው፤ እኛ ዘጋንበት።

በማግስቱ ክፍል ገብተን «ትናንት የተሳሳትነው እኛ ነን» አልን። በሰው ፊት ያሳፈሩትን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ይቅርታ መጠየቅ አይበቃምና፣ ይቅርታውንም በጓደኞቹ ፊት ጠየቅነው። ነጥቡን መልሰን፣ ቃሉን እንዲያስረዳ ጠመኔውን ሰጠነው። በመጀመሪያ «መኽዘን»ን በዐረብኛ ፊደል ጻፈ፤ ከሥሩ «መጋዘን»ን፣ ከዚያ በታች እንግሊዝኛውን። የሳቀ አልነበረም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን አንዱን ዕውቀት በሌላው አታስንቋቸው። እኛም መምህራን ከተማሪ የመጣን ጥያቄ ሳንመረምር አንመልስ። ነቢዩ ዩሱፍ እህሉን ያከማቹት ቆልፈው ሊያቆዩት ሳይሆን ክፉው ዘመን ሲመጣ አውጥተው ሕዝቡን ሊያበሉበት ነበር። ዕውቀትም እንደዚያው ነው፤ ካልወጣ አይጠቅምም።

አላህ ያከማቸነውን ለሰው የምናወጣ ያድርገን። አሚን።