ገደሉ በቀይ ይታይ

ስሜን ተራራ ላይ በጉምና በበረዶ ስለተያዝንበት የግንቦት ከሰዓት ባወራሁ ቁጥር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሰዓቱ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ነው። ሰዓቱ ማንም ሯጭ እጁ ላይ የሚያስረው ዓይነት ነው። ነፍሳችንን ያተረፈው፣ በውስጡ ያለው ካርታ ግን ሱቅ ውስጥ አይገኝም።

እኔና የአክስቴ ልጅ ከስካውታችን፣ ከፓርኩ ጠባቂ፣ ጋር ከግጭ ተነስተን እሜት ጎጎ ወጥተን ነበር። ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው፤ እሜት ጎጎ 3,926። ቦታውን ላላየ ሰው እንዲህ ነው፦ ጓሳ ነው፣ ጅብራ ነው፣ ጭላዳ ይግጥበታል፤ ከዚያ መሬቱ ባንድ እርምጃ ያልቃል። ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት። ጋሼ፣ ስካውታችንን እንዲያ ነበር የምንጠራቸው፣ ጥቂት ደግፈው ካስኬዱት በኋላ እግሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ አይዘለቅም። በቅሎ ይዤ ልምጣ። ከዚህች ንቅንቅ እንዳትሉ ልጆቼ።»

እሳቸው ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ከቆላው በገደሉ ፊት ሽቅብ መጣ። ተከትሎ በረዶው ወረደ። የጫማዬን ጫፍ አያለሁ፤ ፊት ለፊቴ ያለው ጅብራ ይሁን ሰው ግን አልለይም። የአክስቴ ልጅ እስከ ውስጥ ልብሱ ረጠበ፤ መጀመሪያ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ፣ ቀጥሎ የሚናገረው ይጎተት ጀመር። ስሙን ጠርቼ ስጠይቀው የሚመልስልኝ ሌላ ነገር ነው። ደጋ ላይ እርጥብ ልብስና ነፋስ ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። «ንቅንቅ እንዳትሉ» የተባለው ለደህና አየር ነበር። ተነሳን።

ጠዋት የመጣነው በሌላ ወገን ዞረን ስለሆነ ሰዓቱ የመዘገበው ዱካ አይጠቅመንም። መንገዱ በበረዶ ነጥቷል። የቀረኝ ካርታው ነው።

ካርታውን የሠራሁት ጎንደር ሳለሁ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ነው፤ በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች የሚስሉት፣ ማንም በነጻ የሚወስደው። ጂኦፋብሪክ የተባለ የጀርመን ድርጅት የኢትዮጵያን ክፍል ለብቻው ቆርጦ በየቀኑ እያደሰ ያቀርባል። ኤምኬጂማፕ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ያንን ወደ ሰዓቱ ቋንቋ ይለውጠዋል። የከፍታ መስመሮቹ የመጡት ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 መሬትን በራዳር ከለካችው መረጃ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ያ መረጃ ለያንዳንዱ 30 ሜትር ገደማ አንድ ከፍታ ብቻ ይሰጣል፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ገደል ካርታው ላይ ዳገት መስሎ ይለሰልሳል። ራዳሩ ጥላ ሆኖበት ገደሉን ጨርሶ ያላየበት ቦታም አለ። የከፍታ መስመር ብቻ አምኖ ስሜን ላይ በጉም የሚሄድ ሰው ለኔ እብድ ነው።

ስለዚህ ገደሉን ለብቻው አወጣሁት። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ገደል ከሳተላይት ፎቶ የሚሳል ራሱን የቻለ መስመር ነው፤ ሕጉም ዝቅ ያለው ወገን በመስመሩ አቅጣጫ ሲሄዱ በቀኝ በኩል እንዲሆን ያዛል። እኔ የካርታውን ቀለም በሚወስነው ፋይል ውስጥ ያንን መስመር ወፍራም ቀይ አደረግሁት፣ ዝቅ ወዳለው ወገን እንደ መጋዝ ጥርስ አበቀልኩለት። የሰዓቴ ስክሪን የሚያውቀው 64 ቀለም ብቻ ስለሆነ ፈዛዛ ቡናማና ግራጫ በጉም ውስጥ አይነበብም፤ ቀይ ይነበባል። ሆቴልና የፎቶ ቦታ የመሳሰለውን ሁሉ ሰረዝኩት።

ጉዞው አጭር ነበር፤ ጊዜው ግን አላልቅ አለኝ። ልጁ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ በአንድ እግሩ ይነጥራል። ጂፒኤስ የሚያውቀው የት እንዳለህ እንጂ ወዴት እንደዞርክ አይደለም፤ ካርታው በጉዞ አቅጣጫ እንዲዞር ከተደረገ፣ ስትቆም ባለህበት ይሽከረከራል። ሰሜንን ወደ ላይ ቆለፍኩት። ከፍታውንም አላመንኩም፤ ሰዓቱ ከፍታ የሚለካው በአየር ግፊት ነው፣ ማዕበል ሲመጣ ግፊቱ ይወርዳልና ቆመህ ሳለህ ሽቅብ የወጣህ ይመስለዋል። ከቀዩ መስመር 50 ሜትር ያህል ርቄ ያዝኩ፤ ፎቶውም ጂፒኤሱም ትንሽ ትንሽ ይስታሉ።

አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በደንብ የተረገጠው፣ በረዶው ሥር እንኳ የሚታየው፣ ልቤ የሄደበት ነው። ሰዓቱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አየሁት፤ ያ መንገድ ካርታው ላይም አለ፣ ጫፉ የቀዩ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከሰማይ ፎቶ ለሚስል ሰው የእረኛ መንገድና የመንገደኛ መንገድ አንድ ነው። በሌላኛው ሄድን።

የበቅሎዋን ኮቴ ሳንሰማ የጋሼ ጩኸት ደረሰን። ጋቢያቸውን አውልቀው ልጁን ጠቀለሉት፣ ከዚያ እኔን ተቆጡ። የትኛውን መንገድ እንደተውን ስነግራቸው ግን ዝም አሉ፤ ቆይተው «በዚያስ ፍየልም ዞራ ነው የምትሄድ» አሉኝ። ግጭ ስንደርስ እሳት ነበር፣ ትኩስ ሻይ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ አልተሰበረም።

የስሜንን ገደል አንድ የማላውቀው ሰው ስሎት ባይሆን ኖሮ ካርታዬ ላይ የማቀልመው ገደል አልነበረኝም። ብዙ የአገራችን ገደል እስካሁን አልተሳለም። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ መመዝገብ በነጻ ነው። የምታውቁትን ገደል ሳሉ፤ ዝቅ ያለው ወገን በቀኝ መሆኑን አትርሱ።